ሊኑክስ ላይ ጌም መጫወት፦ መርሁ እስከ የት፣ ኑሮው እስከ የት?

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ። የዛሬው ቪዲዮ ስለ ሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ምትክ ስለሚጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ እና ስለ ጌም ነው፣ ግን አጫጫኑን አይደለም የማሳያችሁ። ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያሉ ልጆች እየደጋገሙ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱን ነው የምናየው። «ሊኑክስ ኦፕን ሶርስ ነው፣ ነፃ ነው ትሉናላችሁ፣ ከዛ ደሞ ስቲም ጫኑ ትላላችሁ፣ ስቲም ክሎዝድ አይደለም እንዴ፣ ጌሙስ ክሎዝድ አይደለም እንዴ፣ ታዲያ ነፃነቱ ምኑ ላይ ነው?»

ለማያውቅ ሰው፣ ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው፣ ክሎዝድ ኮዱ የተዘጋ ነው፣ ስቲም ደሞ ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም ነው። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ከዛ ምክንያቱን አብረን እናያለን። ከመርህ ላይ ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ሀራም አይደለም፣ ኑሮ ነው፣ ግን ለቀቅ ባደረጋችሁ ቁጥር «በምትኩ ወደ ጋራው፣ ማለትም ሁሉም ወደሚጠቀምበት ክፍት ኮድ፣ ምን ተመለሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተመለሰ ነገር ካለ ድርድሩ ደህና ነው፣ ምንም ካልተመለሰ ግን ተበልታችኋል። የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው፣ እሱን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ይሄ ነገር ለኛ ለምን እንደሚያገባን። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ ድጋፉ ቆሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ አይቀበልም። እኛ ጋ ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ በምትችሉት ዋጋ የምታገኙት ዩዝድ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ስድስተኛ ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሌላው ሁሉ ደህና፣ ማሽኑ ገና ብዙ ዓመት የሚሰራ ነው እኮ። እና ልጁ ምን ያደርጋል፣ ወይ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ አፕዴት የለው ምን የለው ይቀመጣል፣ ወይ ሊኑክስ ይጭናል። ሲጭን የመጀመሪያው ጥያቄ «ወርድ ይሰራል ወይ» አይደለም፣ «ጌሜስ?» ነው።

እሺ መርሁ ምንድነው። ወሎ ያደገ ሰው ቅሬን፣ የወሎን እድር፣ ያውቃል። የቅሬው ድንኳን፣ ድስቱ፣ አግዳሚው የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፣ ሀዘን የደረሰበት ሀብታምም ይሁን ደሃ እኩል ወስዶ ይጠቀማል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ አንዱ ተነስቶ ድንኳኑን ቤቴ ወስጄ ላከራየው ቢል ማንም እሺ አይለውም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የጀመረው እንቅስቃሴ ለሶፍትዌር ያንን ደንብ ነው የጻፈለት፣ ጂፒኤል የሚባለው ላይሰንስ ማለት ኮዱን ውሰድ፣ አንብብ፣ ቀይር፣ ለሰው ስጥ፣ ግን የቀየርከውን ስታከፋፍል የቀየርክበትንም ኮድ ስጥ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነልም፣ የሲስተሙ እምብርት ማለት ነው፣ በዚ ላይሰንስ ስር ነው ያለው።

ጌም ግን ከዚ ደንብ ጋር ተጣልቶ ነው ያደገው። ለምን ብትሉ ጌም ኮድ ብቻ አይደለም፣ ሰአሊ አለበት፣ ሙዚቃ አለበት፣ ታሪክ ጸሀፊ አለበት፣ እነዚ ሁሉ ዓመታት ሰርተው ጌሙ ወጥቶ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተሸጠ ደሞዝ የለም። ስለዚ ካምፓኒዎቹን ስግብግብ ብሎ ብቻ ማለፍ ልክ አይመስለኝም፣ ሰው መብላት አለበት።

አሁን ሁለት የቆዩ ታሪኮች ልንገራችሁ፣ ሁለቱም 2002 ላይ ነው የሚገናኙት። አንደኛው ሎኪ ሶፍትዌር የሚባል ካምፓኒ ነው፣ በ1998 ተነስቶ የዊንዶውስ ጌሞችን ወደ ሊኑክስ እያዞረ ይሸጥ ነበር፣ ገዢው ትንሽ ሆነበትና በ2002 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ግን እዛ ይሰራ የነበረው ሳም ላንቲንጋ ኤስዲኤል የሚባል ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ፣ ጽፎ ነበር፣ ኦፕን ሶርስ፣ ስክሪን የሚከፍተው ኪቦርዱንና ጆይስቲኩን የሚያነበው ድምጹን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ዛሬ ድረስ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጌሞች ውስጥ አለ። ካምፓኒው ሞተ፣ ለጋራው የሰጠው ግን ቆመ።

ሁለተኛው የዋይን ነው። ዋይን በ1993 የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ እንዲሰራ የሚያደርግ። በፊት ላይሰንሱ ልል ነበር፣ ማንም ወስዶ ዘግቶ መሸጥ ይችላል። ትራንስጌሚንግ የሚባል ካምፓኒ ኮዱን ወሰደ፣ ጌም ላይ አሻሻለው፣ በክፍያ ሸጠው፣ ካሻሻለው ውስጥ ትልቁን ክፍል ግን ወደ ዋይን አልመለሰም። የዋይን ሰዎች በ2002 ላይሰንሱን ወደ ኤልጂፒኤል ቀየሩት፣ ማለትም ከዚ በኋላ ዋይንን አሻሽሎ የሚያከፋፍል ያሻሻለውን ኮድ ይሰጣል። የትራንስጌሚንግ ምርት ዛሬ የለም፣ ዋይን አለ። እኔ መርህ ለኑሮም ይጠቅማል የምለው በዚ ነው፣ ያ የላይሰንስ ለውጥ ባይኖር ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር እንዲህ ክፍት ሆኖ ባልመጣ ነበር።

ዋይን እንዴት ነው የሚሰራው፣ ቀረብ ብለን እንየው። ጌሙ ለዊንዶውስ የተሰራ ነው፣ ሲነሳ «ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለውን ይሄን ፋይል ክፈትልኝ» ይላል። ዋይን መሀል ላይ ቆሞ ያንን ጥያቄ ይቀበልና በሊኑክስ ቋንቋ ያስፈጽመዋል፣ ጌሙ ዊንዶውስ እንደሌለ አያውቅም። ፕሮሰሰሩ ራሱ የጌሙን ትዕዛዝ በቀጥታ ነው የሚሰራው፣ ኢሙሌተር አይደለም፣ ለዛ ነው ብዙ የማይዘገየው።

(ስክሪን ላይ፦ ፋይል ማናጀሩ ይከፈታል፣ የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ ይደረጋል፣ ከስቲም ፎልደር ወደ ውስጥ ይኬዳል።)

እዩት፣ ለእያንዳንዱ ጌም በቁጥር የተሰየመ ፎልደር አለ፣ እሱን ስከፍተው ፒኤፍኤክስ የሚል ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ሲ ድራይቭ የሚል ሌላ ፎልደር፣ እሱ ውስጥ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ዩዘርስ፣ ዊንዶውስ። ጌሙ ሙሉ ኮምፒውተር ነው ብሎ የሚያምነው ይሄን ነው፣ ለኛ ግን ተራ ፎልደር ነው። ብዙ ጌሞች ሴቫቸውን እዚሁ ነው የሚያስቀምጡት፣ በፍላሽ ኮፒ አድርጋችሁ ጓደኛችሁ ጋ ወስዳችሁ ካቆማችሁበት መቀጠል ትችላላችሁ፣ ማንንም ሳትጠይቁ። ከታች ያለው ነገር ክፍት ሲሆን የምታገኙት ጥቅም ይሄን ይመስላል።

ዋይን ብቻውን ግን ለዘመናዊ ጌም አይበቃም ነበር፣ ችግሩ ግራፊክሱ ነው። ጌሞቹ ለግራፊክስ ካርዱ የሚያወሩት በማይክሮሶፍቱ ዳይሬክት ኤክስ ነው። በ2016 ቩልካን የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ ስታንዳርድ ወጣ፣ ከዛ ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ፕሮግራመር ዲኤክስቪኬን ጻፈ፣ ዳይሬክት ኤክሱን እየሰማ ወደ ቩልካን የሚተረጉም ማለት ነው። ቫልቭ፣ የስቲም ባለቤት፣ ሰውየውን በክፍያ አሰራው፣ ኮድዊቨርስ ከሚባለው የዋይን ካምፓኒ ጋር ሆኖ ዋይንንና ዲኤክስቪኬን አንድ ላይ አሽጎ በኦገስት 2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣው። ስቲም ዴክ የሚባለው በእጅ የሚያዝ ጌም ማሽን በ2022 ሲወጣ የሚሄደው በሊኑክስ ነው፣ የዊንዶውስ ጌሞቹን የሚያጫውተው ፕሮቶን ነው።

ቫልቭ ይሄን ያደረገው ለፅድቅ አይደለም። የካምፓኒው አለቃ ጌብ ኒውዌል በ2012 ዊንዶውስ 8ን በአደባባይ ለፒሲው ዓለም ትልቅ ጥፋት ነው ብሎ ነበር፣ ማይክሮሶፍት የራሱን ሱቅ ዊንዶውስ ውስጥ ሲከፍት ስቲም ነገ የት ይሆናል የሚል ስጋት ነበር። የራሱን ገበያ ለማዳን ነው የመጣው። ስቲም ራሱም እስከ ዛሬ ክሎዝድ ነው፣ ብዙ ጌሞቹ ላይ መቆለፊያ አለ። ታዲያ ለምን ደህና ድርድር ነው እላለሁ? የከፈለበት ስራ ስለተመለሰ። ዲኤክስቪኬ ክፍት ነው፣ ፕሮቶን ክፍት ነው፣ ለኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች ያሰራው ኮምፓይለር፣ የጌሙን ኮድ ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረው፣ ሜሳ በሚባለው የጋራ የግራፊክስ ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ስብስብ ውስጥ ገብቷል። ስቲም ነገ ጠዋት ቢዘጋ እነዚ ሁሉ እጃችን ላይ ይቀራሉ፣ አሁንም ስቲም ሳይኖራችሁ ሉትሪስ ወይ ሂሮይክ በሚባሉ ጌም መክፈቻ ፕሮግራሞች በኩል ትጠቀሙባቸዋላችሁ።

ስቶልማን ራሱ በ2012 ስቲም ወደ ሊኑክስ ሊመጣ ነው ሲባል ጽፎበታል። ጌሙ ነፃ ስላልሆነ ትክክል አይደለም፣ ግን መጫወታችሁ ካልቀረ ዊንዶውስ ላይ ከምትጫወቱት እዚ ብትጫወቱት ይሻላል ነው ያለው። አክሎ ግን ሊኑክስ አከፋፋዮች እነዚን ጌሞች እያቀረቡ ሲመጡ ሰው ዋናው ነገር ነፃነት እንዳልሆነ ይማራል ብሎ አስጠንቅቋል፣ እሱም ልክ ነው፣ ለዛ ነው ይሄን ቪዲዮ የምሰራው።

ድራይቨር ላይም ያው ነው። ግራፊክስ ካርድ ሰሪው ኤንቪዲያ ለብዙ ዓመት ድራይቨሩን ዘግቶ ስለኖረ በ2012 ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ ተማሪዎች ፊት ካሜራ እያየው ሰድቦታል። ኤኤምዲና ኢንቴል ክፍት ድራይቨር ይዘው ሄዱ፣ ኤንቪዲያም በሜይ 2022 የከርነል ክፍሉን ከፈተ፣ ከላይ ያለው ትልቁ ክፍል ግን አሁንም ዝግ ነው። ላፕቶፕ ስትመርጡ ምርጫ ካላችሁ ኢንቴል ወይ ኤኤምዲ ግራፊክስ ያለውን ውሰዱ፣ ኤንቪዲያ ያለው ከሆነ የያዛችሁት ደሞ አብሽሩ፣ ዝግ ድራይቨሩን ጫኑና ተጫወቱ፣ ማሽኑን አትጣሉትም።

ዴቢያንን እዩ፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች በመርህ ከጠነከሩት አንዱ ነው። በ2022 ድምጽ ሰጥተው ክፍት ያልሆነ ፈርምዌር፣ ማለትም እንደ ዋይፋይ ያለው ዕቃ ራሱ የሚፈልገው ትንሽ ፕሮግራም፣ ኦፊሴላዊው መጫኛ ውስጥ እንዲገባ ወሰኑ፣ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ አለ። ለምን? ያለሱ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ አይሰራም፣ ዋይፋይ የሌለው ሰው ደሞ ሊኑክሱን ትቶ ነው የሚሄደው። ግን ለብቻው በተለየ ስም አስቀምጠውታል፣ ምን እንደጫናችሁ ታውቃላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ታጠፉታላችሁ። ድርድር እንዲህ በግልጽ ሲሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው፣ አንቲ ቺት፣ ኦንላይን ጌም ላይ የሚያጭበረብረውን የሚይዝ ፕሮግራም። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ የሚባሉት በ2021 በፕሮቶን እንሰራለን ብለው ነበር፣ ግን የጌሙ ካምፓኒ መፍቀድ አለበት። የፈቀዱ አሉ፣ ፈቅደው የከለከሉም አሉ፣ ኤፔክስ ሌጀንድስ በ2024 መጨረሻ ሊኑክስን ዘጋ፣ ጂቲኤ ኦንላይንም በዛው ዓመት ባትልአይ ሲገባበት ሊኑክስ ላይ ያሉትን አስወጣ። ቫሎራንት ደሞ ከመጀመሪያውም ቫንጋርድ የሚባል የዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚቀመጥ ጠባቂ ይፈልጋል። የካምፓኒዎቹ ምክንያት ባዶ አይደለም፣ ሊኑክስ ላይ ባለቤቱ ከርነሉን እንዳሻው መቀየር ይችላል፣ ቺት የሚያደርግ ሰው ይሄን ተጠቅሞ ይደበቃል፣ በሀቅ የሚጫወተው ልጅ ይጎዳል።

ቢሆንም እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚ ጋ ነው። ክሎዝድ ጌም ከላይ ይቀመጥ፣ ግድ የለም፣ ፎልደሩ ውስጥ ነው፣ ስጠላው አጠፋዋለሁ። ከርነል ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ግን ፎቶዬንም የባንክ ፓስወርዴንም ሁሉን ማየት የሚችል ቦታ ነው ያለው፣ ኮዱን ማንም አያየውም፣ ወደ ጋራውም የሚመልሰው ምንም ነገር የለም። ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይግባልን ብለው የሚለምኑ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ቫሎራንት ካልተጫወትኩ አልኖርም የምትሉ ለሱ ብቻ ዊንዶውስን ሌላ ፓርቲሽን ላይ፣ ማለትም ዲስኩን ከፍላችሁ ለብቻው፣ አስቀምጡት፣ ሌላ ነገራችሁን እዛ አታስገቡ፣ ሊኑክሳችሁ ንጹህ ሆኖ ይቀመጥ።

የካምፓኒዎቹን ኑሮና የኛን መርህ አስታርቆ ያሳየኝ ድሮ የተሰራ ጌም ነው። ዱም በ1993 ወጣ፣ ተሸጠ፣ ሰሪዎቹ በሉበት፣ በ1997 መጨረሻ ላይ ኮዱን ለቀቁት። ስዕሉና ድምጹ ግን አሁንም የነሱ ነው፣ አሁንም ይሸጣሉ። እና ዱም ዛሬ የማይሄድበት ማሽን የለም። በሌላ በኩል ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም በ2024 ሰርቨሩ ሲጠፋ በገንዘባቸው የገዙት ሰዎች ብቻቸውን እንኳ መጫወት አልቻሉም። ኮምቦልቻ ያላችሁ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች፣ ጎዶ የሚባለው የጌም ኢንጂን (ጌም መስሪያ ሶፍትዌር) ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፣ በሱ ጌም ሰርታችሁ ሽጡ፣ ላባችሁ ነው፣ መሸጡን ያቆማችሁ ቀን ግን ኮዱን ልቀቁት።

ኦንላይን መክፈያ የባንክ ካርድ የለንም፣ ዳታ ውድ ነው፣ መብራት ይጠፋል የምትሉ ደሞ፣ ለናንተ መርሁና ኑሮው አንድ ቦታ ነው ያሉት። ሱፐርታክስካርት፣ ዜሮ ኤዲ፣ ባትል ፎር ዌስኖዝ፣ ዞኖቲክ፣ ኦፕን ቲቲዲ፣ እነዚ ሁሉ ነፃ ናቸው፣ አንድ ሰው ካወረደ በፍላሽ ለሰፈሩ ሁሉ ማደል ይችላል፣ ክራክ የለበትም፣ ከክራክ ጋር የሚመጣው ቫይረስም የለበትም። ዜሮ ኤዲ የጥንት መንግስታት ጦርነት ነው፣ ከ2018 ጀምሮ ኩሾች ገብተውበታል፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ፒራሚዳቸው ሁሉ አለ። ሱፐርታክስካርትን አንድ ስክሪን ላይ ከፋፍላችሁ ያለ ኢንተርኔት አብራችሁ ትነዳላችሁ፣ ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች ይሄን ሞክሩት፣ ጆይስቲኮቹን በዩኤስቢ ሰክታችሁ እያንዳንዱን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉት፣ የድሮው ስድስተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ከነዚ አብዛኞቹን በደህና ይሸከማል፣ ከከበደው ግራፊክሱን ዝቅ አድርጉት።