አንዲት አኃዝ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ከኔ ድምፅ በላይ እሱ ከተሰማችሁ ታገሱኝ።

ዛሬ አንድ ሞኝነቴን ላውራችሁ። ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ነጋዴ ናቸው። ዋጋው ኒውዮርክ ላይ ሲወርድ እዚህ ፊታቸው ይጠቁራል። እኔም «ቆይ፣ በኮምፒውተር ላስላልዎት» አልኩ። ሞንቴ ካርሎ በሚባለው ዘዴ ነው፤ የአንድ ዓመት ዋጋን በዘፈቀደ ሚሊዮን ጊዜ አስኪዶ ስንቱ ላይ እንደሚከስሩ መቁጠር። 250 የገበያ ቀን በ1 ሚሊዮን ሙከራ፣ 250 ሚሊዮን እርምጃ ማለት ነው። ያውም ለአምስት የተለያዩ ውሎች።

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩትና አሮጌዋ ላፕቶፔ ላይ አስጀመርኩ። ቡና ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ቶናው ተጠጣ። እሷ ገና ነች።

ወዲያው ቋንቋውን ወነጀልኩ። ብዙ ባንኮች ከባዱን ስሌት ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው ፈጣን ቋንቋ ነው የሚሠሩት፤ እኔም ከማን አንሼ ብዬ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩት። ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ጨረሰ። ግን ሁለት ሳምንት!

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፓይተን ሉፕ ውስጥ፣ ማለትም አንዱን ሥራ እየደጋገመ ሲሠራ፣ ሁለት ቁጥር በደመረ ቁጥር «አንተ ምንድነህ? ቁጥር ነህ ወይስ ጽሑፍ?» ብሎ ይጠይቃል። ጆንያ ሙሉ ቡና አውርድ ሲሉት እያንዳንዷን ፍሬ «ቡና ነሽ ወይስ በቆሎ?» የሚል ወዛደር አስቡ። ነምፓይ የሚባለው የፓይተን የስሌት መሣሪያ ግን ጆንያውን አንዴ አይቶ ይሸከመዋል፤ ውስጡን የሚሠራው በሲ የተጻፈ ኮድ ነው። ኮዴን በሱ ለመቀየር አንድ ከሰዓት በቃኝ። መጀመሪያ ሁሉንም ባንዴ ልጫን ብዬ ላፕቶፗ ደርቃ ቀረች። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ነዋ፣ 250 ሚሊዮኑ 2 ጊጋባይት ራም ይበላል። ቆራርጬ ስሰጣት ከሲ ፕላስ ፕላሱ ብዙም ሳትርቅ ጨረሰች።

ደስታዬ ግን አልቆየም። በሞንቴ ካርሎ ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ሙከራውን 4 እጥፍ ማድረግ አለባችሁ። አንድ ተጨማሪ ትክክለኛ አኃዝ ከፈለጋችሁ 100 እጥፍ። ስለዚህ ኮዴ 100 እጥፍ ቢፈጥንልኝ፣ በዚያው ሰዓት ውስጥ የማተርፈው አንዲት አኃዝ ናት። ለሷ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ለማንኛውም ውጤቱን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ከታች የጻፍኳትን የዋጋ መዋዠቅ መጠን በጣታቸው ነክተው፣

«ይቺን ከየት አመጣሃት ልጄ?»

ካለፉት ሦስት ወራት ዋጋ ያወጣኋት ናት አልኳቸው።

«ሦስት ወሩን እኮ ገበያው ተኝቶ ነበር።»

ማታውኑ የሁለት ዓመቱን ዋጋ አስገባሁ። የኪሳራው ዕድል እጥፍ ሆነ። ሲ ፕላስ ፕላሱን አልከፈትኩትም።