ሁለተኛው ፊርማ

እሺ እንዴት ከረማችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ወሬውም ትንሽ ለየት ያለ ነው። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ የፈረንጅ ጦርነት ስዕል የሚሰበስብ ሰው ምን ነክቶት ነው ትሉ ይሆናል፣ ሚስቴም ትላለች፣ እስቲ ዛሬ ላስረዳ።

ኦሪጅናሉን አይደለም የምሰበስበው፣ እሱንማ ማን ችሎት። ሊሚትድ ኤዲሽን ፕሪንት የሚሉት ነው። ሰዓሊው አንድ የጦር ሜዳ ይስላል፣ ከዛ እንበል 500 ኮፒ ብቻ ይታተማል፣ ከታች ነጩ ዳር ላይ በእርሳስ ይፈርማል፣ 112/500 ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከ500 በላይ አይታተምም ማለት ነው። ከዛ ውጪ ሰዓሊው ለራሱ የሚያስቀራቸው አሉ፣ አርቲስት ፕሩፍ ይባላሉ፣ ብዙ ጊዜ የኤዲሽኑን አንድ አስረኛ ያህል ናቸው፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እሱ ድሮ ከመዳብ ሳህን ላይ ሲታተም የቀረ ወሬ ነው፣ መዳቡ እየተበላ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ጥርት ብለው ይወጡ ነበር። አሁን በኦፍሴት ወይም ከ1990ዎቹ ፈረንጆች ወዲህ በቀለም ፕሪንተር በሚታተመው፣ ጂክሌ በሚሉት ላይ፣ 3ኛውና 480ኛው አንድ ናቸው። ሻጭ በቁጥር ሲያስጨንቃችሁ እሺ አትበሉት።

እርሳስ ለምን? ማጉያ መነፅር አድርጋችሁ ስታዩት የታተመ ፊርማ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሰራ ነው፣ የእርሳሱ ግን ወረቀቱ ላይ ተጎትቶ ያለፈበት ይታያል፣ ዘንበል ስታደርጉት ደግሞ ያብረቀርቃል። የእውነተኛነት ሰርተፍኬት የሚሉትን ማንም ያትማል፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ፊርማውን ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ጋ ልምጣ። እነዚህ ስዕሎች ላይ አንዳንዴ ሁለተኛ ፊርማ አለ፣ እዛው ቦታ የነበረው ሰው ፊርማ። ሮበርት ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ የአየር ጦርነት ሰዓሊ አለ፣ የሁለተኛው የአለም ጦርነት አውሮፕላኖችን ይስላል፣ ስዕሎቹ ላይ ያበረሩት ፓይለቶች ራሳቸው ፈርመዋል። ዳግላስ ባደር አለ፣ ከጦርነቱ በፊት በአደጋ ሁለት እግሩን ያጣ እንግሊዛዊ፣ በሰው ሰራሽ እግር እየበረረ ሲዋጋ ቆይቶ በፈረንጆቹ ነሐሴ 1941 ፈረንሳይ ላይ ወድቆ ተማረከ። የጀርመኑ ተዋጊ ፓይለት አዶልፍ ጋላንድ ደግሞ ምርኮኛውን ሰፈሩ ጋብዞ ሜሰርሽሚት የሚባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ አድርጎ አሳይቶታል፣ አንዱ ሰው ሰራሽ እግሩ ስለጠፋበት እንግሊዞቹ ምትክ በአውሮፕላን እንዲጥሉለት ተደርጓል። ሁለቱም በኋላ ሲያረጁ እንደዚህ አይነት ስዕል ላይ ፈርመዋል። በፈረንጆቹ ባደር በ1982 ጋላንድ በ1996 ሞቱ፣ ከዛ በኋላ ያ ፊርማ አይጨመርም፣ ያለው ያው ነው።

ሰው ለዝና ነው ፊርማ የሚገዛው ይላል፣ ለኔ እንደዛ አይደለም። እዛ የነበረ ሰው ስዕሉን አይቶ፣ አዎ እንዲህ ነበር ብሎ እጁን ማኖሩ ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን አንድ አርበኛ አባባ ነበሩ፣ ሚያዝያ 27 ሲመጣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ጎፈራቸውን አድርገው የሚወጡ። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ የአርበኞች ስዕል አሳየናቸው፣ ይስቃሉ ብለን ስንጠብቅ ተቆጡ፣ "ይሄ ምንሽር ነው፣ እኛ ውጅግራ ነበር የያዝን፣ ጥይቱንም የምንቆጥር፤ ደሞ ይሄ ሁሉ ጫማ ከየት መጣ?" አሉ። እኔ እኮ ሁለተኛ ፊርማ የምለው ይሄንን ነው። እሳቸው ያንን ስዕል ቢሞቱም አይፈርሙበትም ነበር።

የኛ አገር የአድዋ ስዕል ሌላ አይነት ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ሌላ ነው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ የኛ ሰው ሙሉ ፊቱን፣ ጠላት በጎን አንድ አይኑ ብቻ እየታየ። የኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም አድዋ ዘምተዋል። እዛ ስዕል ላይ ምስክር አያስፈልግም፣ ከሰማይ የመጣ ምስክር አለው። ሰዓሊውም ጥይት ስንት ነበር ብሎ አይጨነቅም።

ግን 1933ን አስቡት። ጃንሆይ ጥር 12 ሱዳን ድንበር ላይ ኦሜድላ ገቡ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ፣ መንገድ ላይ ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ያሉበት ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን ፊት ለፊት ገጠመው፣ እነሱ ጥቂት መቶ፣ የሚመጣባቸው ብዙ ሺህ፣ እና አልሸሹም፣ ብዙ ሰው ሞተባቸው። ይሄ ሚኒባስ በየቀኑ የሚያልፍበት አስፋልት ነው እኮ! መጋቢት 28 ጃንሆይ እዚህ ማርቆስ ገቡ፣ ለጣሊያን አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉም እዚሁ ተገዙላቸው፣ የተክለ ሃይማኖት ልጅ። ይሄን ሰዓሊ ቢስለው ማንን ሙሉ ፊቱን፣ ማንን በጎን ይስላል? በላይ ዘለቀስ? አባ ኮስትር ጣሊያንን ሲያስጨንቅ ኖሮ በ1937 በራሱ መንግስት ተሰቀለ። የነሱ ሰዎች አዛውንት ሆነው በየቡና ቤቱ በየቤተክርስቲያኑ ደጅ ሲቀመጡ፣ ያንኑ ሰሞን እንግሊዝ አገር ሰዓሊው ፓይለቱን ቤቱ ሄዶ ያስፈርም ነበር። እኛ ጋ ያንን ያደረገ ሰው እኔ አላየሁም። መጻፍ አይችሉም ይባል ይሆናል፣ አውራ ጣት አለ አይደል? ጥቁር ቀለም ነክቶ ነጩ ዳር ላይ ማሳረፍ፣ እንደውም ከፊርማ በላይ ነው፣ ማስመሰሉም ይከብዳል።

በነገራችን ላይ ፕሪንት ያላችሁ ሰዎች፣ ፍሬም ቤት ስትወስዱት ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ እንዳይለጥፉት አደራ፣ ከተለጠፈ በኋላ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ የለም፣ ዋጋውም አብሮ ሄደ። ከኋላው ተራ ካርቶንም አይሁን፣ እያደር ያቢጫዋል። መስታወቱ ስዕሉን አይንካው፣ የኛ ክረምት እርጥበት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት ደሞ ጭራሽ።

አሁን ባህር ዳር አንድ ወጣት ሰዓሊ አግኝቻለሁ፣ የደምበጫውን መንገድ ሊስልልኝ ተስማምተናል፣ ትንሽ ኤዲሽን፣ ባዶ እግር፣ ውጅግራ፣ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። የተጣላነው ሁለተኛው ፊርማ ላይ ነው። እሱ የአርበኛ ልጆችን እናስፈርም ይላል፣ ያምራል፣ ይሸጣልም ይላል። እኔ እምቢ አልኩ። ልጅ ይኮራል እንጂ አላየም፣ ካላየ ደሞ ምን ብሎ ይፈርማል? ዳሩ ላይ የሱ ብቻ ይሁን፣ የሳለው እሱ ነው። እስካሁን አልተስማማንም፣ ሸራውም አልተጀመረም።