ወረቀቱ ፊት አያይም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ የማወራው። ርዕሴ የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ቅጥር ነው፤ በወረቀት ማለትም በጽሑፍ ፈተና ይሁን ወይስ በቃለ መጠይቅ? መምህራኑን ተዉአቸው፤ የሬጅስትራሯን፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኑን፣ የንብረት ክፍሉን፣ የተማሪዎች ማደሪያ ተቆጣጣሪውን፣ የዶርም ፕሮክተሩን ነው የምለው።

አስተዳደር ክፍል ስሠራ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ለአንድ የሪከርድ ሠራተኛ ቦታ ግቢው በተመዝጋቢ ሲሞላ አይቻለሁ። የጽሑፍ ፈተናው ያን ሁሉ ሰው ወደ ጥቂት ያወርደዋል። እስከዚያ ደህና ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ስንደርስ ነው ነገር የሚበላሸው።

አንዱ ይገባል። "የየት አገር ልጅ ነህ?" ይባላል። ከጠያቂዎቹ የአንዱ አገር ልጅ ከሆነ ክፍሉ ይሞቃል፤ ጥያቄውም "እስቲ ስለ ራስህ ንገረን" ይሆናል። ቀጥላ የምትገባዋ ደግሞ ስለ ግዥ መመሪያ ትፋጠጣለች። ሁለቱም ከአስር ነጥብ ይሰጣቸዋል። በምን ሚዛን? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይሉ የለ። ጉቦ እንኳ ሳይኖር ነው ይሄ የሚሆነው።

ስለዚህ ሰው የሌለው አመልካች ወረቀቱን ቢመርጥ አይገርመኝም። በስም ፋንታ ኮድ ከተጻፈበት ወረቀት ላይ አራሚው ፊት አያይም፣ አነጋገር አይሰማም።

ሕንዶች በዚህ ጉዳይ ቆርጠዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ እ.ኤ.አ. በ2015 የነጻነት ቀን ንግግራቸው ላይ ሐሳቡን አነሱ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ በማዕከላዊው መንግሥት ለዝቅተኛ የሥራ መደቦች ቃለ መጠይቅ ቀረ። የክህሎት ፈተናው ግን አልቀረም። ይቺ ነጥብ ደስ ትለኛለች።

ምክንያቱም ወረቀትም ጉድ አለው። ፈተናው ቀድሞ ይወጣል፤ ያንን እንተወው፣ የታወቀ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የጥያቄው ይዘት ነው። ለፕሮክተር የእንግሊዝኛ ሰዋስው! ፕሮክተር እኮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሩ የሚንኳኳበት ሰው ነው። ተማሪ ታሟል፤ ክሊኒክ ይደውል ወይስ አምቡላንስ ይጥራ? ሁለት ዶርም ተጋሪዎች ሊደባደቡ ነው፤ ማንን ቀድሞ ያውጣ? አንዷ ልጅ ለሦስት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም፤ ለማን ይንገር? ይህን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አይለካውም።

እዚህ ላይ ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል። ግን እንደኛው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስለ ቅጥር መመዘኛዎች የተደረጉ ጥናቶችን ውጤት እንደገና አስልተው ነበር። ሠራተኛው ኋላ እንዴት እንደሚሠራ በመተንበይ ከፊት የወጣው ጥያቄው አስቀድሞ የተጻፈ፣ ለሁሉም እኩል የሚቀርብና በመለኪያ የሚታረም ቃለ መጠይቅ ነው። እንዲሁ የሚወራው ወሬ ግን ከብዙዎቹ መመዘኛዎች ኋላ ቀርቷል።

እኔ ብወስን ለሪከርድና ለሒሳብ ሠራተኛ ወረቀትና የኮምፒውተር የተግባር ፈተና ይበቃል። ቴክኒሻኑን ማይክሮስኮፑ ፊት አቁሙት፤ ምን ያስወራዋል? ለፕሮክተር ግን እነዚያን የሌሊት ጥያቄዎች ለሁሉም ጠይቁ። እያንዳንዱ ጠያቂ ነጥቡን ለብቻው ጽፎ ፊርማውን ያኑር፣ ከዚያ ይወያዩ። ሰብሳቢው "ጎበዝ ልጅ ነው" ካለ በኋላ ማን ዝቅ አድርጎ ይሰጣል?

የነጥብ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የ1999ኙ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 515፣ እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት ላመጡ ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን "የተቀራረበ" የሚለውን የምታሰፋው ወይም የምታጠበው ያቺው የቃለ መጠይቅ ነጥብ ናት። ልጅቷን ትንሽ ዝቅ ካደረጓት ቅድሚያው አይደርሳትም።

ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምን። ውጤት ስትለጥፉ ድምሩን ብቻ አትለጥፉ። ጽሑፍ፣ ተግባር፣ ቃለ መጠይቅ ብላችሁ ለየብቻ አስቀምጡት። በወረቀት አንደኛ ወጥቶ በቃለ መጠይቅ የወደቀ ሰው ቅሬታ ሲጽፍ የሚይዘው ነገር ይኑረው።