ማንኪያውና ማማሰያው

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

የሦስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ለብዙ ዓመት «ብረት ሙቀት ያስተላልፋል፣ እንጨት አያስተላልፍም» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። ልጆቹም ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ። ከዚያ ይረሱታል።

ዘንድሮ ግን አንድ የብረት ማንኪያና አንድ የእንጨት ማማሰያ ክፍል ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት ልጆቹ ተራ በተራ ጉንጫቸውን አስነኩ። «ማንኪያው ይቀዘቅዛል!» አሉ ሁሉም። ቴርሞሜትር ግን የሁለቱንም ሙቀት እኩል ነው የሚያሳየው፤ ያደሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነዋ። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ብረቱ ይህን ሙቀት ከቆዳችን ላይ ቶሎ ይወስዳል፣ እንጨቱ ቀስ ይላል። ቀዘቀዘ የምንለው ለዚህ ነው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እማዬ ወጥ በእንጨት የምታማስለው ለዚህ ነው?»

ያን ቀን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ይህን እኔ አልነገርኳትም። ከቤቷ ነው ያመጣችው።

ወላጆች፣ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ነገር አትናቁት። ገጠር ያደጋችሁ የእንስራ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ። ሸክላው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ውሃው በዚያ ወዝ እያለ ይወጣና ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ታጥቦ ነፋስ ላይ የቆመ ልጅ የሚበርደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጀሪካን ውሃ ስለማያሳልፍ እንዲህ አያቀዘቅዝም። እንስራ ያላችሁ ሁለቱንም ጥላ ሥር አስቀምጡና ቀን ላይ ልጁ ራሱ ቀምሶ ይንገራችሁ።

ማግኔት ካገኛችሁም ሚስማርና የአሉሚኒየም ድስት ይሞክሩበት፤ አንዱን ይስባል፣ ሌላውን አይስብም። ትንንሽ ማግኔት ግን ለሕፃናት አትስጡ፣ ከተዋጠ አደገኛ ነው። እሳት አጠገብም ብቻቸውን አይሞክሩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ መልሱን ቶሎ አትንገሩት። መጀመሪያ «አንተ ምን ይመስልሃል?» በሉት። ከዚያ ይንካው፣ ይሞክረው። ግምቱ ቢሳሳትም አትቆጡት።

ሰኞ እያንዳንዱ ልጅ ከቤት አንድ ዕቃ ይዞ ይምጣ። የተሰበረ ጀበና ያላችሁ እንዳትጥሉት። ገሉ ስብራት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ሲኒ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ እናደርጋለን። የትኛው ውሃውን እንደሚጠጣ ልጆቹ ቀድመው ይገምታሉ።

አመሰግናለሁ።