አደይ አበባን በላጲስ ላይ መቅረጽ፦ የእንቁጣጣሽ ካርድ ማኅተም አሠራር

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ላጲስ፣ እርሳስ፣ ሁለት መሮዎችና ቢጫ ስታምፕ ፓድ ይታያሉ።]

ጤና ይስጥልን፣ ክቡራን ተመልካቾቻችን። በዚህ ዝግጅት ማኅተም በእጅ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ከተቀረጸም በኋላ በወረቀትና በጨርቅ ላይ እንዴት እንደሚታተም እናያለን። ለማሳያ የመረጥነው የእንቁጣጣሽ ካርድ ነው። ልጆች መስከረም 1 ቀን የአበባ ሥዕል ይዘው ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ቤት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሥዕሉ አንድ በአንድ ሲሣል ግን ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ለሃያ ሰው ካርድ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው በጥንቃቄ የተቀረጸ ማኅተም ቢኖረው መሠረታዊውን ምስል በፍጥነት አትሞ የቀረውን ጊዜ እያንዳንዱን ካርድ በውሃ ቀለም፣ በጨርቅ ቁራጭና በክር ለማስዋብ ሊያውለው ይችላል።

ካርዳችን በመካከሉ አደይ አበባ፣ ከአበባው ሥር «አበባ» የሚል ጽሑፍ፣ ከላይና ከታች ደግሞ ከብራና መጻሕፍት የምናውቀውን ዓይነት ሐረግ፣ ማለትም የተጠላለፈ የጠርዝ ጌጥ፣ ይይዛል። ከሁሉ አስቀድሜ ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ የሚበላሽ ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መሮው ላጲሱን ከመንካቱ በፊት፣ ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው። ለዚህም ነው ከዝግጅቱ ሰፋ ያለውን ድርሻ ለንድፉ የሰጠነው።

[ምስል፦ ላጲስ፣ የሊኖሌየም ቁራጭ፣ የዋንዛ እንጨትና የቅል ስባሪ ጎን ለጎን።]

በመጀመሪያ ስለምንቀርጽበት ነገር ጥቂት እንበል። ለጀማሪ የሚመረጠው በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚገኘው ነጭና ለስላሳ የፕላስቲክ ላጲስ ነው፤ መሮው ያለ ብዙ ጉልበት ይገባበታል፣ አይሰነጠቅም፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቀረጽ አያስቸግርም። ሰፋ ያለ ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች ሊኖሌየም ይጠቀማሉ። ይህ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1863 የፈጠራ መብት ያገኘበት የወለል ንጣፍ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከተልባ ዘይት፣ ከሙጫና ከቡሽ ዱቄት ነው። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ከመቅረጻችን በፊት ፀሐይ ላይ ጥቂት ብናቆየው ይለሰልሳል። እንጨት ከሁሉም ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን የእንጨቱ ጭረት የሚሄድበትን አቅጣጫ ያልለመደ እጅ ፊደል ሊቀርጽበት ሲሞክር ቀጫጭኑ መስመር እየተሰነጠቀ ያስቸግረዋል። ስለዚህ እንጨቱን ለኋላ ማቆየት ይሻላል።

ቅሉን ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጋና፣ ከኩማሲ ከተማ ብዙም በማትርቀው ንቶንሶ፣ አዲንክራ የሚባለው ጨርቅ የሚታተመው ከቅል ስባሪ ላይ በተቀረጹ ማኅተሞች ነው። ቀለሙ የሚዘጋጀው የዛፍ ቅርፊት ተቀቅሎ እስኪወፍር ድረስ ከተንተከተከ በኋላ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምልክትም የራሱ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1817 እንግሊዛዊው ቶማስ ቦውዲች ከኩማሲ ያገኘው አዲንክራ ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የቅሉ ገጽ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ በመሆኑ አታሚው ማኅተሙን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እያንከባለለ ያሳርፈዋል። ቅል በአገራችንም የሚገኝ ነገር ስለሆነ ሊሞከር የሚገባው ይመስለኛል።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ በእርሳስ የተሣለ አደይ አበባ፤ የቅጠሎቹ ውስጥ በጥቁር ተሞልቷል።]

አሁን ወደ ንድፉ እንግባ። ማኅተም ቀለም የሚቀበለው ከፍ ብሎ በቀረው ገጹ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀለም እንዲኖረው የምንፈልገውን ቦታ አንነካውም፣ የምንፈለፍለው ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምንፈልገውን ነው። አደይ አበባን በሁለት መንገድ መቅረጽ ይቻላል። አንደኛው የቅጠሎቹን ውስጥ ፈልፍሎ ጠርዛቸውን ብቻ መተው ነው። ሁለተኛው ቅጠሎቹን እንደ ሞሉ ትቶ በመካከላቸው ቀጭን መስመር ማውጣት ነው። እኔ ለጀማሪ ያለማመንታት ሁለተኛውን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ቀጭን መስመር በአንድ ጭረት ይወጣል፣ ቀጭን መስመር አቁሞ መተው ግን በግራና በቀኝ እኩል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስፋት ያለው የላጲስ ግድግዳ ሲታተም ይንጋደዳል። አደይ በሙሉ ቢጫ ስለሆነም የሞላው ቅርጽ ይስማማዋል። የሚታተመውን ክፍል በሙሉ ገና ወረቀቱ ላይ ሳለ በእርሳስ አጥቁራችሁ ብትመለከቱት፣ የሚወጣውን ምስል አስቀድማችሁ ታዩታላችሁ።

[ምስል፦ «አበባ» የሚለው ጽሑፍ በመስታወት ፊት ተይዟል።]

ጽሑፉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማኅተም ሁልጊዜ ተገልብጦ ይታተማል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ይሆናል። በእኛ ፊደል ይህ የሚያመጣው ችግር ከጽሑፍ መጣመም ያለፈ ነው። «በ» ሁለት እኩል እግሮች ስላሉት ተገልብጦም «በ» ነው። «ባ» ግን ቀኝ እግሩ ረጅም በመሆኑ ሲገለበጥ ረጅሙ እግር ወደ ግራ ይዞርና «ቦ» ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው «አበባ» ብሎ እንደሚነበበው ቀርጾ ቢያትም፣ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው በ«ቦ» ጀምሮ በተገለበጠ «አ» የሚያልቅ ጽሑፍ ነው። «ሳ» እና «ሶ»፣ «ሻ» እና «ሾ»ም እንዲሁ ናቸው። ካዕብና ሣልስ (እንደ «ቡ» እና «ቢ» ያሉት) ደግሞ ምልክታቸው በስተቀኝ የሚቀጠል በመሆኑ ሲገለበጡ የትኛውም ፊደል ሳይሆኑ ይቀራሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጽሑፉን እንደሚነበበው አድርጋችሁ በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ አጥብቃችሁ ጻፉት፤ ከዚያም የተጻፈበትን ገጽ ወደ ላጲሱ አዙራችሁ በጀርባው በጥፍር ወይም በማንኪያ ጀርባ ፈትጉት። እርሳሱ ወደ ላጲሱ ሲተላለፍ ራሱ ይገለበጣል፣ ሲታተም ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። ጽሑፉን አስቀድሞ በኮምፒዩተር ገልብጦ ያተመ ሰው ይህን ዘዴ ሲጨምርበት ሁለት ጊዜ ይገለብጠዋልና አንዱን ብቻ ይምረጥ። ላጲሱ ላይ ያረፈው ጽሑፍ የተገለበጠ ሆኖ ከታያችሁ ትክክል ነው፤ ጥርጣሬ ካላችሁ መስታወት ፊት ያዙት፣ በመስታወቱ ውስጥ የሚነበበው ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ነው።

[ምስል፦ ሁለት ዘለላዎች የተጠላለፉበት ሐረግ፤ መሻገሪያዎቹ በቀይ እርሳስ ምልክት ተደርጎባቸዋል።]

ሐረጉ ከሦስቱ ክፍሎች እጅግ የምወደው ነው። የሐረግ ውበቱ ዘለላዎቹ፣ ማለትም የሚጠማዘዙት መስመሮቹ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከዚያም በሥሩ እያለፉ መጠላለፋቸው ላይ ነው፤ ማኅተም ግን አንድ ቀለምና አንድ ገጽ ብቻ ስላለው ላይና ታች የለውም። ይህን ስሜት የምንፈጥረው በመሻገሪያው ቦታ ከላይ የሚያልፈውን ዘለላ ሳይቋረጥ ትተን፣ ከሥር የሚያልፈውን ዘለላ በሁለቱም ወገን በቀጭን ነጭ መስመር በመቁረጥ ነው። ዓይን የተቆረጠውን ዘለላ ራሱ ይቀጥለዋል። መሻገሪያዎቹን አንድ በአንድ እየተከተላችሁ «ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች» ብላችሁ በቀይ እርሳስ ምልክት አድርጉ፤ አንዱ ዘለላ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ላይ ከሆነ ሐረጉ የተፈታ ይመስላል።

ሐረጉ እየተደጋገመ ስለሚታተም የማኅተሙ የቀኝ ጫፍ ከግራው ጫፍ ጋር መገጣጠም አለበት። ለዚህም ንድፉን በወረቀት ላይ ከሣላችሁ በኋላ ወረቀቱን መካከል ላይ ከላይ ወደ ታች ቆርጣችሁ ሁለቱን ግማሾች ቦታ አቀያይሯቸው። ቀድሞ ዳርና ዳር የነበሩት አሁን መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ ዘለላዎቹ የማይገጥሙ ከሆነ እዚያው ላይ አስተካክሏቸው። ከተስተካከለ በኋላ ማኅተሙ ስንት ጊዜ ቢደጋገም ስፌቱ አይታይም።

[ምስል፦ እጅ ላጲሱን ሲያዞር፤ መሮው አንድ ቦታ እንደቆመ ነው።]

ቀረጻውን አፉ ሹል በሆነው ጠባብ መሮ ጀምሩ። መሮውን ወደ ላጲሱ ገጽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። መስመሩ ሲጠመዝዝ የሚዞረው መሮው ሳይሆን ላጲሱ ነው፤ ቀኝ እጅ አንድ ቦታ ሆኖ ወደፊት ይገፋል፣ ግራ እጅ ላጲሱን ከሥሩ ቀስ እያለ ያዞራል። የቅጠሉ ክብ ጠርዝ ሳይሰባበር የሚወጣው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ላጲሱን የያዘው እጅ ከመሮው አፍ በስተኋላ እንጂ ከፊቱ መሆን የለበትም፤ በተለይ ልጆች ሲሠሩ አዋቂ አጠገባቸው ሊኖር ይገባል።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር የግድግዳው ተዳፋትነት ነው። ከፍ ብሎ የሚቀረው ቅርጽ ከላይ ጠበብ፣ ከሥሩ ሰፋ ማለት አለበት። መሮው ወይም ካተሩ ወደ ቅርጹ ሥር ዘንበል ብሎ ከገባና ሥሩን ከበላው፣ በመጀመሪያው ሕትመት ደህና መስሎ ይቆይና ጥቂት ካርዶች ከታተሙ በኋላ ጫፉ ተቀንጥሶ ይወድቃል። ጠርዙ ከወጣ በኋላ ሰፊውን ነጭ ቦታ አፉ ክብ በሆነው መሮ አውጡት፤ ቦታው ሰፊ በሆነ መጠን ጥልቅ ይሁን፣ አለበለዚያ ወረቀቱ ሲጫን ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ቀለም ይነካል። መሮው ትቷቸው የሚያልፋቸው ቀጫጭን ጭረቶች ሲታተሙ በአበባው ዙሪያ ነጠብጣብና ሰረዝ ሆነው ይታያሉ። ብዙዎች እንደ ጉድለት ቆጥረው ያጠፏቸዋል፤ እኔ ግን ሥራው በእጅ መሠራቱን ስለሚያሳዩ ጥቂቶቹ ቢቀሩ እመርጣለሁ።

[ምስል፦ ስታምፕ ፓዱ ተገልብጦ በማኅተሙ ላይ በዝግታ መታ መታ ይደረጋል።]

ሲታተም ማኅተሙን ወደ ፓዱ ከመጫን ይልቅ ማኅተሙን ፊቱን ወደ ላይ አስቀምጦ ፓዱን በላዩ መታ መታ ማድረግ ይሻላል፤ ቀለሙ ወደ ተፈለፈለው ቦታ አይገባም። ከካርዱ ሥር ጥቂት የጋዜጣ ወረቀት አነባብሩ፣ ማኅተሙን ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ሳታነቃንቁ ተጫኑና ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። የመጀመሪያዎቹ ሕትመቶች ፈዘዝ ይላሉ፤ ስለዚህ በተራ ወረቀት ላይ ይሞከሩ።

የቀለሙ ምርጫ ከሕትመቱ በኋላ በምንጨምረው ነገር ይወሰናል። በላዩ ላይ የውሃ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ሲደርቅ ውሃ የማይፈታው ቀለም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቢጫው ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር ይደበላለቃል። በጥቁር ወይም በቡናማ ወረቀት ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ቀለም ጠፍቶ ስለሚቀር፣ በወረቀቱ ላይ የሚቀመጠውን ወፍራሙን ቀለም ተጠቀሙ፤ የሚደርቀው ግን ዘግይቶ ነው። አክሪሊክ ለሚጠቀም ሰው ማሳሰቢያዬ አንድ ነው፤ ቀለሙ ማኅተሙ ላይ ከደረቀ ቀጫጭኑን መስመር ይደፍናልና ሕትመቱ እንዳለቀ ወዲያው ይታጠብ።

[ምስል፦ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠርዝ ላይ ሐረጉ ተደጋግሞ ታትሟል።]

ሐረጉን በጨርቅ ላይ እንደ ጥለት ማተም ለሚፈልጉ፣ ጨርቁ የጥጥ ይሁን፤ አዲስ ከሆነም የፋብሪካው ማጠንከሪያ እንዲለቅ አስቀድሞ ይታጠብ። መስመሩ እንዳይጣመም በጠመኔ ቀጭን መሪ መስመር ይሠመር። የጨርቅ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ አምራቹ በሚያዘው መጠን በሞቀ ካውያ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ተደርጎ ይተኮስ። ከታተመው ጨርቅ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ ካርዱ ላይ መስፋትም ይቻላል፤ ወፈር ባለ ወረቀት ላይ መርፌው የሚያልፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ በወስፌ ከተበሳ ወረቀቱ አይቀደድም።

ማኅተሙ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ይታጠብ፣ በጨርቅ ጠብጠብ ተደርጎ ጥላ ላይ ይድረቅ። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የፕላስቲክ ላጲስን ስለሚያሟሟው ፈጽሞ አይንካው። ሲቀመጥም ከፕላስቲክ ዕቃ ወይም ከሌላ ላጲስ ጋር ከተነካካ ተጣብቆ ቅርጹ ስለሚበላሽ፣ እያንዳንዱ ማኅተም በወረቀት ተጠቅልሎ በካርቶን ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ በመጠቅለያው ላይም አንድ ጊዜ ብታትሙበት በሚቀጥለው መስከረም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳትፈቱት ታውቁታላችሁ።