አንድ ሞደም፣ ብዙ ግንኙነት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ከኮምቦልቻ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ጉዳዬ በአንድ ሞደምና በአንድ ሲም ካርድ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ የዳታ ግንኙነት መክፈት ነው።

ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ በእጃችሁ ያለው ስልክ ሲያደርገው ቆይቷል። ቮልቲ በሚባለው አሠራር ድምፅ ራሱ በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ እንደ ዳታ ይጓዛል። ደሴ ካሉት እናታችሁ ጋር በዚህ መንገድ እያወራችሁ ልጃችሁ ከስልካችሁ በሆትስፖት ቪዲዮ ቢያይ፣ ስልኩ ሁለት ግንኙነት ይዟል፤ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለኢንተርኔት። እያንዳንዱ የራሱ ኤፒኤን (ግንኙነቱ ወደ የትኛው ኔትወርክ እንደሚገባ የሚለይ ስም)፣ የራሱ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) አለው።

ሞደምም እንዲሁ ይችላል፤ አሠራሩን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ከሞደሙ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው የዩኤስቢ ገመድ አንድ ነው። ፓኬቶቹ፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው ቁርጥራጮች፣ እንዳይደባለቁ እያንዳንዳቸው የግንኙነታቸውን መለያ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ሞደምና ኮምፒውተር በዩኤስቢ በሚነጋገሩበት ኤምቢም በተባለው ደንብ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ነው፤ ኳልኮም የተባለው ቺፕ ሠሪ ኩባንያ ሞደሞች ደግሞ ኪውማፕ የሚባል የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን እያየ ይለያያቸዋል፤ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሲስተም ላይ እያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ የኔትወርክ ካርድ መስሎ ይታያል። ይህ ማለት ግን 256 ግንኙነት ይከፈታል ማለት አይደለም። የኤልቲኢ፣ ማለትም የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ ደንብ መጀመሪያ ለአንድ መሣሪያ የመደበው መለያ ከ5 እስከ 15 ያለውን ብቻ ነበር፤ ሞደሙ ራሱ የሚችለው ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፍጥነቱ እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም! በዚህ ተስፋ ገንዘባቸውን የሚያወጡ ባለሱቆች ያሳዝኑኛል። ሬዲዮው አንድ ነው፣ ማማውም አንድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት አስቡት፤ የጭነት መኪናውም ሚኒባሱም መድረሻቸው ቢለያይ የሚወጡት በዚያው አስፋልት ነው፤ እሱ ከተዘጋ ሁሉም ይቆማል። አንዱ ኔትወርክ ሲጠፋ በሌላው መቀጠል የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ሞደምና የሌላ ኩባንያ ሲም ያስፈልገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ሁለቱም በአገሩ ስላሉ ይህ ምርጫ አለን።

ታዲያ በአንድ ሞደም ላይ ማብዛቱ ምን ይጠቅማል? ይለያል። የመጋዘን ሒሳብና የክፍያ መረጃ በግል ኤፒኤን በኩል፣ የአደባባዩን ኢንተርኔት ሳይነካ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ ይሄዳል፤ የሠራተኛውና የእንግዳው ስልክ በሌላው ይወጣል። የሰው ገንዘብ የሚያልፍበት መስመር ከመዝናኛው ተለይቶ መኖሩን እኔ ከፍጥነት አስበልጬ አየዋለሁ።

ሥራው ያለው ማዞሪያው ላይ፣ ማለትም ፓኬቶቹን በየመንገዳቸው የሚመራው ትእዛዝ ላይ ነው። ሁለት ግንኙነት ከፍቶ መተው አይበቃም፤ የትኛው ፓኬት በየትኛው እንደሚወጣ በግልጽ ካልታዘዘ፣ ኮምፒውተሩ አድራሻውን ለይቶ ያላወቀውን ሁሉ በአንደኛው በር ይሰደዋል፤ መለየቱም ከንቱ ይሆናል። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ፣ ሞደምማናጀር የተባለው ፕሮግራም ከ1.18 እትሙ ጀምሮ ግንኙነቶቹን በአንድ ገመድ ላይ ማብዛት ይችላል፤ ማዞሪያውን ግን እናንተው ማስተካከል አለባችሁ።

ሞደም ከመግዛታችሁ በፊት ግን መጀመሪያ ሲሙን የሰጣችሁን ኩባንያ ጠይቁ። ሁለተኛው ኤፒኤን በሲማችሁ ላይ ካልተፈቀደ ኔትወርኩ ጥያቄውን አይቀበልም፤ ውዱም ሞደም ቢሆን ያንን አይለውጠውም።