ሽጉጡ ጥይት አልጎርስ ሲል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁት አንድ ጉዳይ ነው። ረከስ ባለ ዋጋ የተገዛ ሽጉጥ፣ በብዛት የቱርክ ሥራ፣ ጥይት እየነከሰ፣ ማለትም ጥይቱን ሳይጎርስ መሃል መንገድ ላይ እየያዘ፣ አስቸግሯችኋል። የምመልሰው ፈቃድ ላለው ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ ጥገና ከማሰቡ በፊት የሚጨርሰው ሌላ ጉዳይ አለው።

ከጥያቄዎቹ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጥይት የነከሰ ሽጉጥ የጎረሰ ሽጉጥ ነው ብላችሁ ያዙት። ጣት ከቃታ ይራቅ፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። የቆርቆሮ አጥርና የጭቃ ግድግዳ ጥይት ያቆማል ብላችሁ አትመኑ። መጀመሪያ ካዝናው፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበት መያዣ፣ ይውጣ። ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ ውስጥ ያለውን ጥይት አስወጡ። በመጨረሻ በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው፣ ማለትም ቀድሞ አቀባብሎ ካዝናውን በኋላ ያወጣ፣ ባዶ ነው ብሎ የያዘው ሽጉጥ ሌላ ጥይት ጎርሷል። ቤት ውስጥ ሰው የሚሞተው በዚህ ዓይነት ስህተት ነው።

አንድ የመጋዘን ጥበቃ ከቱሉ ዲምቱ፦ «9 ሚሊ የቱርክ ሽጉጥ ነው። ለልምምድ ስንተኩስ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ደህና ይጎርሳል። ሁለት ሦስት ሲቀረው አፍንጫውን ደፍቶ ይነክሳል። አንድ ሰው መግቢያው ይሞረድልህ አለኝ። ልስጠው?»

እንዳትሰጠው ወንድሜ። የላይኛው ብረት ወደፊት ሲመለስ ጥይቱን ከካዝናው ከንፈር ላይ ገፍቶ ያወጣዋል። ጥይቱ ዘንበል ባለው መግቢያ ላይ ተንሸራቶ በርሜል ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በቅጽበት ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥይት ቀድሞ ወደ ላይ ወጥቶ መጠበቅ አለበት። የሚያወጣው የካዝናው ሞላ ነው። ካዝናው ሙሉ ሲሆን ሞላው ተጨቁኖ ስለሚገኝ ጉልበት አለው። ጥይቱ ሲያልቅ ይላላል። የደከመ ሞላ መጨረሻዎቹን ጥይቶች ዘግይቶ ያነሳቸዋል፤ ላይኛው ብረት አፍንጫቸው እንደተደፋ ይመታቸዋል። ያንተ ምልክት ይኸው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ለሞዴሉ የተሠራ ሁለተኛ ካዝና ፈልግና እዚያው ልምምዱ ላይ ሞክረው። ችግሩ ከካዝናው ጋር ከሄደ ሽጉጡ ንጹሕ ነው። ካዝናዎቹን በቀለም ቁጥር ጻፍባቸው፤ ካልሆነ የትኛው እንደነከሰ ታምታታለህ። ከንፈሮቹንም ከአዲሱ ጋር አጠጋግተህ ተመልከት። ወድቆ አንዱ ጎን የተከፈተ ካዝና ጥይቱን አጣሞ ያቀርባል፣ አንዳንዴም ሁለት ይለቃል። በፒንሳ የተመለሰ ከንፈር እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ካዝናው ይቀየር።

ሞረድን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። የካዝና ዋጋ ትንሽ ነው። የተሞረደ መግቢያ ግን አይመለስም። የዘንበሉ ማዕዘን ከተለወጠ፣ ወይም በርሜሉ የቀለሁን ቂጥ የሚደግፍበት ቦታ ከተበላ፣ ቀለህ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የብርጭቆ ወረቀትም ያው ነው።

አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ከኮዬ ፈጬ፦ «ፈረቃ ስንቀያየር ጥይቱን አውጥተን መልሰን እናጎርሳለን። አሁን አሁን የመጀመሪያው ጥይት ላይ ብቻ ይነክሳል። ሌሎቹ ምንም አይሉም።»

እህቴ፣ ጥሩ አስተውለሻል። ሽጉጡን ተዪውና ያንን ጥይት ተመልከቺው። ከአዲስ ጥይት ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁሚው። ዓይንሽን ከጠረጴዛው እኩል አድርጊ። እርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ፣ ወደ ቀለሁ ውስጥ ገብቶ ካጠረ ልዩነቱ ይታይሻል። አፍንጫውም ላይ መግቢያው የሳለው ጭረት ይኖራል። በየፈረቃው ከላይ የሚመለሰው ያው ጥይት ነው፤ በየጊዜው አፍንጫው መግቢያውን ሲመታ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ያጠረ ጥይት ደግሞ መግቢያው ላይ ይደፋል።

የሚያሳስበኝ ግን መንከሱ አይደለም። እርሳሱ ሲሰምጥ ባሩዱ ያለበት ቦታ ይጠባል፣ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ያጠረው ጥይት አይተኮስ። ለኃላፊሽ አሳይተሽ በፊርማ አስረክቢ። ሌሎቹንም እያዟዟራችሁ አጉርሱ። ከተቻለ መመሪያው ራሱ ይስተካከል፤ ሽጉጡ ከነማህደሩ፣ ሳይነካካ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ይሻላል። ብዙ ቦታ ይህን የሚያስረዳ ሰው የለም፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም።

አንድ አባት ከሱሉልታ፦ «ሽጉጤን በኑግ ዘይት አጥቤ አስቀምጬ ነበር። አሁን ሳቀባብለው ላይኛው ብረት ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።»

አባቴ፣ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ይጣበቃል። የዳቦ መጋገሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚቀረውን ሙጫ መሰል ነገር ያውቁታል፤ ያው ነው። የሱሉልታ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ ይወፍራል። ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ይፍቱት። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ሙጫውን ያንሱ፤ ከምድጃና ከሲጋራ ርቀው። በተለይ ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር ሥር ይመልከቱ፣ ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። በደንብ ካደረቁት በኋላ የመሣሪያ ዘይት ጠብታ ጠብታ ብቻ፣ ብረት በብረት ላይ በሚሄድበት ቦታ። ካዝናው ውስጥና ጥይቱ ላይ ዘይት አይነካ። ዘይት የበዛበት ሽጉጥ የበጋውን አቧራ ይሰበስባል። የቆዳ ማህደር ውስጥም አይክረምብዎ፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ያዝገዋል።

ከሰበታ፦ «የማካሮቭ ጥይት ተርፎኛል። ሁለቱም 9 ሚሊ ስለሆኑ ለቱርኩ ሽጉጥ ልጠቀምበት?»

አይሆንም። የማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ ያንተ 9 በ19። የማካሮቩ ቀለህ ያጥራል፣ እርሳሱ ግን ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ጥይቱም ያንኑ ይሁን።

የመጨረሻው ከለገጣፎ ነው፦ «በርካሽ የገዛሁት ሽጉጥ አንድም ጥይት ጎርሶልኝ አያውቅም። ጎኑ ላይ 9 ሚሊ ፒ.ኤ.ኬ. ይላል።»

ወንድሜ፣ ፒ.ኤ.ኬ. ማለት ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ጥይት ነው። የያዝከው ለድምፅ የተሠራ ሽጉጥ ነው። አካሉ በብዛት የሚሠራው ከዚንክ ቅይጥ ነው፣ የእውነተኛ ጥይት ግፊት አይችልም። በርሜሉን አስበስቶ የሸጠልህ ሰው ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ሸጦልሃል፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊትህ ሊበተን ይችላል። አታስጠግን፣ አትሞክረው፣ ለሌላ ሰውም አትሽጠው። ይዘኸው መንገድ አትውጣ። መጀመሪያ ባዶ እጅህን አቅራቢያህ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ አስረዳ፣ እንዴት እንደምታስረክብ እነሱ ይነግሩሃል።